ዘቢብ ወሰድን፣ ጌሾ አመጣን

ባለፈው መንፈቅ ዓመት በፊቸር ጽሑፍ ትምህርት ላይ መምህራችን አንዲት ንባብ አድለውን ነበር። ንባቧ የምታወራው በኤጂያን ባሕር ላይ ስላለች አንዲት ትንሽ ደሴት ነው። ቱርኮች ቦዝጃአዳ፣ ግሪኮች ደግሞ ቴኔዶስ ይሏታል። ከየብሱ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ብታስኬድ ነው። ወደቧ ላይ ያረጀ ምሽግ አለ፤ ከምሽጉ ወዲያ የወይን ተክል ነው። በትሮይ ጦርነት ታሪክ ውስጥ ስሟ ይነሣል። ጎብኚ ይመጣል፣ ወይን ይቀምሳል፣ ታሪክ ይሰማል፣ ይመለሳል። ንባቡን እንደጨረስን መምህራችን «የኛዋስ የት ናት?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ «ባሕርም የለን፣ ወይንም የለን» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

እኔም ስቄያለሁ። ዶርም ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ አለቀና ጥያቄው ቀረ። ምክንያቱም እኔ ደሴት ሄጄ አውቃለሁ። ያውም ከአያቴ ጋር፣ ያውም በእጄ ወይን ይዤ! እንዴት ሆኖ እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ይህች ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየች መልስ ናት።

ሩቅ የመሰለን ቅርብ

በመጀመሪያ ኤጂያን ራሱ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ኤጂያን በግሪክና በቱርክ መካከል ያለ፣ በደሴቶች የተሞላ ባሕር ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ በግዞት ሳለ ራእይ ያየባት ፍጥሞ ከነዚህ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ግሪኮች ፓትሞስ ይሏታል። እንግዲህ የኛ አገር ሰው ካርታ ሳያይ ስሟን ያውቃታል ማለት ነው። ሌላዋ ሳንቶሪኒ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተረፈች ደሴት ናት። ገበሬዎቿ የወይኑን ሐረግ ከነፋስ ለማዳን እንደ ቅርጫት እየጎነጎኑ መሬት ላይ ያስተኙታል። ለኛ ለአዊ ልጆች የእሳተ ገሞራ ነገር አዲስ አይደለም፤ ከእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅም የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነው።

የኛዋ ደሴት ያለችው በጣና ሐይቅ ላይ ነው። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዳንግላ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን እምብዛም አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። በጥንት ዘመን የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ መውጫውን ስለገደበው የተጠራቀመ ውኃ ነው። በላዩ ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከሁሉም ትልቁ ደቅ ነው፤ ስፋቱ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከደቅ በስተምሥራቅ፣ ቀረብ ብሎ፣ በዛፍ የተሸፈነ እንደ እንቅብ የተደፋ ሌላ ደሴት ይታያል፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው።

ጉዞው

የሄድነው በጥር 2015 ዓ.ም. ለሥላሴ ንግሥ ነው። እኔ ያኔ 18 ዓመቴ ነበር። አያቴ ስእለት ነበረባት። ከዳንግላ ስንነሣ በመቀነቷ ገንዘብ፣ በነጠላዋ ጫፍ ደግሞ አንድ ቋጠሮ ቋጥራ ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» ብላት «ዘቢብ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን» አለችኝ። ጧፍና ዕጣንም ይዛለች። አጎቴ ዕቃውን ተሸከመ፣ እኔ ውኃና ዳቦ ቆሎ። ዘቢቡን ግን ለማንም አልሰጠችም። መኪና ውስጥ ስታንቀላፋ እንኳ እጇ ከቋጠሮው ላይ አልተነሣም።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ተጓዝን። ጀልባው የተነሣው ገና በማለዳ ነው። ለካ ምክንያት አለው፤ ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ያንገላታል። በመንገዳችን ላይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎችን አየን። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ሣር መሳይ ተክል ነው። ታንኳው ውኃ ሲጠግብ ከየብስ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ሲያረጅ ይጥሉትና ሌላ ይሠራሉ። አያቴ ታንኳውን አየችና «በኛ ዘመን ሰው በዚህ ነበር የሚሻገረው» ብላ አማተበች።

ንግሥቲቱ ያሠራቻት

በደቅ ምዕራብ ጫፍ ናርጋ ሥላሴ አለች። ያሠራቻት እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን (በዚህ ጽሑፍ የቆዩት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ምንትዋብ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበረች። በካፋ በ1730 ሲሞት ልጇ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር እሷ ዘውድ ጭና ከልጇ ጋር አገር አስተዳደረች። በጎንደር የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችም እሷው ናት።

ናርጋ ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዙሪያዋ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ሲሆን መግቢያው ላይ እንደ ጎንደር አብያተ መንግሥታት ያለ ግንብ ቆሟል። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ በመጨረሻም ካህናት ብቻ የሚገቡበት መቅደሱ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ እመቤታችንን ከልጇ ጋር ያሳያል፤ ከእግሯ ሥር አንዲት ያጌጠች ሴት በግንባሯ ተደፍታለች። ምንትዋብ ናት። አያቴ ሥዕሉን አይታ «አየሽ፣ ንግሥት እንኳ ትደፋለች» አለችኝ። እኔ ግን ያኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ሴትየዋ ቤተ ክርስቲያኑን አሠርታ ስሟን ከበሩ ላይ በትልቁ ማስጻፍ ስትችል፣ የመረጠችው ከሥዕሉ ግርጌ መተኛትን ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ ማን እንዳሠራው የማይጠፋን ስለዚያች ሥዕል ጭምር ነው።

በእንጨቱ ላይ ደግሞ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ተቀርጿል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው ይባላል። ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቷል፤ ጎንደርም ከምንትዋብ ቤተሰብ ጋር ተዋውቋል። እንግዲህ «ይባላል» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ወደፊት ታስፈልገናለች።

ያልገባሁበት ደሴት

በማግሥቱ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተሻገርን። ገዳሙን የመሠረቱት በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ሂሩተ አምላክ ናቸው። ሴት ልጅ ግን ወደ ገዳሙ አትወጣም። ሥርዓቱ የቆየ ነው፤ ለኔ ተብሎ የተሠራ አይደለም። አጎቴ ጫማውን አውልቆ አቀበቱን ጀመረ፣ እኔና አያቴ ከታች ከዛፍ ጥላ ሥር ቀረን። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶኛል። አያቴ ግን አንድም ቅር ሳይላት ወደ ላይ ሰገደችና «ከዚህም ይሰማል» አለች።

አጎቴ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። እኔም እንደ ፖሊስ መረመርኩት። «ምን አየህ?» «የነገሥታት አጽም፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ።» «ስንት ናቸው?» «አራት መሰሉኝ።» «የማን የማን?» «የፋሲል አለ... የሌሎቹን ስም ነግረውኝ ነበር፣ ጠፋኝ።» በቃ፣ ይኸው ነው ያገኘሁት።

ይህን ጽሑፍ ልጽፍ ስነሣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አገላበጥኩ። በዳጋ አጽማቸው አለ የሚባሉት ነገሥታት አራት ሳይሆኑ አምስት ናቸው፤ ከ1270 እስከ 1285 የነገሠው አፄ ይኩኖ አምላክ፣ አፄ ዳዊት፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ የገዛው አፄ ዘድንግልና ከ1632 እስከ 1667 የነገሠው አፄ ፋሲል። በዚያው ገዳም በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣላት የእመቤታችን ሥዕልም አለች። አጎቴ ሥዕሏን አላያትም፤ አይቷትም ከሆነ አላወቃትም።

አጎቴ ዋሽቶኛል? በፍጹም! ያየውን ነው የነገረኝ። ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚያየው ይኼን ያህል ነው። በክፍላችን «ምንጭህ ማን ነው?» እየተባልን ስንጨቀጨቅ ብዙዎቻችን ይሰለቸናል። እኔ ጥያቄው የገባኝ ዳጋ ሥር ተቀምጬ ነው። ያላየሁትን ስጽፍ ከማን እንደሰማሁት መናገር አለብኝ፤ የሰማሁትን ደግሞ በሌላ ማመሳከር አለብኝ። ዳጋን የምታነቡት እንግዲህ በአጎቴ ዓይንና በመጽሐፍ እንጂ በኔ ዓይን አይደለም።

ለምንድን ነው ይህ ሁሉ ነገር በደሴት ላይ የተከማቸው? መልሱ ቀላል ነው። ውኃው አጥር ስለሆነ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሕመድ ግራኝ ጦርነት፣ በኋላም በ1880ዎቹ የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል፣ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ብራናና ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች እየሸሸ ተቀምጧል። በየብስ ያለው ሲቃጠል በደሴት ያለው ተረፈ።

ታዲያ ወይኑ የት ነው?

አሁን ወደ ወይኑ እንምጣ። ደቅ ላይ የወይን እርሻ አላየሁም። ያየሁት ማንጎ፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ጌሾና የእህል ማሳ ነው። ይሁን እንጂ ወይን ለዚህ አካባቢ ጨርሶ እንግዳ ነበር ማለት አይቻልም። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን አገር ምን እንደምንለው አስቡ፤ «ወይና ደጋ»። ቃሉ ወይንና ደጋን አጣምሮ የያዘ ነው፣ ወይን የሚበቅልበት ደጋ እንደማለት። ዳንግላም ወይና ደጋ ናት። እኛ ወይን ተክል ሳናይ በወይን ስም በሚጠራ አየር ውስጥ ነው ያደግነው ማለት ነው! አሕመድ ግራኝ በ1543 የወደቀበት፣ ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የጦር ሜዳም ስሙ ወይና ደጋ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ ተጓዦች ከሐይቁ በስተምሥራቅ በይፋግ አካባቢ የወይን ተክል እንደነበር ጽፈዋል። በዘመናችን የወይን ጠጅ ፋብሪካና ሰፊ የወይን እርሻ የምናገኘው ወደ ዝዋይ ወርደን ነው።

በሌላ በኩል ወይን ከናርጋ አንድም ቅዳሴ ላይ አይጠፋም። ያለ ወይን ቅዳሴ የለማ! ታዲያ ከየት ይመጣል? መልሱ በአያቴ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነበር። ዘቢብ ማለት የደረቀ የወይን ፍሬ ነው። ዲያቆኑ በቤተልሔም ውስጥ ዘቢቡን አጥቦ በውኃ ይዘፈዝፈዋል፤ ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ይጨመቃል፤ የወጣው ጭማቂ ወደ ጽዋው ይገባል። ቤተልሔም ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለች፣ ኅብስቱና ወይኑ የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት። አያቴ ቋጠሮዋን ፈትታ ለዲያቆኑ ስታስረክብ ነው ነገሩ የገባኝ። የደቅ ወይን በመሬቱ ላይ አይበቅልም፤ በምእመን እጅ ውኃውን ተሻግሮ ይመጣል።

ደሴቱ የሚመልሰው

ከናርጋ ስንመለስ በመንገድ ዳር አንዲት እናት ጌሾ ዘርግተው ሲሸጡ አገኘን። አያቴ ቅጠሉን በጣቷ አሽታ አሸተተች። «ስንት ነው እቴ?» «ይውሰዱት እማማ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው አላስከፍልም።» «አይሆንም! ስለት ሰጥቼ ነጻ ልወስድ?» እንዲህ ተባብለው ሲገፋፉ ቆይተው በመጨረሻ አያቴ ገንዘቡን በግድ ጨበጠቻቸው። ሴትየዋም አንድ እፍኝ መረቁላት።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ጌሾ ያለ እሱ ጠላም ጠጅም የማይሆን ቁጥቋጦ ነው። ለጠላ በብዛት ቅጠሉ፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ይገባል። ሥራው ሁለት ነው፤ አንደኛ መጠጡን ምሬት ይሰጠዋል፣ ሁለተኛ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳዋል። ፈረንጆች ለቢራ የሚጠቀሙበት ሆፕስ የሚሠራውን ሥራ ለኛ ጌሾ ይሠራልናል። የአያቴን ጠላ እንደምታውቁት አይነት ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል። ከዚያ ብቅል፣ ከዚያ የዳጉሳ ወይም የገብስ ቂጣው ይገባል፣ ይደፈደፋል፣ ቀን ይቆጠርለታል። ጠጅ ከሆነ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ በጌሾ እንጨት ይጣላል።

ከደቅ ባሻገር ባለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬትም ጌሾና ቡና ዋና መተዳደሪያ ናቸው። በዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሣ መሬት በበሬ አይታረስም ይባላል፤ ሰው የሚኖረው ከዛፍ በሚያገኘው ነው። ዘጌ እስከ ዛሬ ጫካ የሆነው ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ሥርዓት ሴትን ከዳጋ ይከለክላል፣ ሌላው ሥርዓት ማረሻን ከዘጌ ይከለክላል። መጀመሪያው ቅር አሰኝቶኛል፣ ሁለተኛውን አድንቄያለሁ። ሁለቱም ግን ከአንድ እምነት የወጡ ናቸው፤ የጻፈው ሰው የሚጥመውን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይገባም።

ለሚሄድ ሰው

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። የጀልባ ዋጋ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ማለዳ ተነሡ። ነጠላ ያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ሴቶች ናርጋ ትገባላችሁ፣ ዳጋ አትወጡም። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ካህናቱን ጠይቁ። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ሲነሣ መንገዱም አስፈሪ ሆነ። አያቴ በየዓመቱ ልትመለስ ተስላ ነበር፤ በ2016ም በ2017ም አልሄደችም። ዘቢቡን በየጥሩ ትገዛለች። ቀኑ ሲደርስ እዚሁ ዳንግላ ላለው ቤተ ክርስቲያን ትሰጥና «ሥላሴ እዚህም አሉ» ትላለች። ጌሾውን ከገበያ ትገዛለች። ግን ጠላው በደረሰ ቁጥር አንድ ጉንጭ ቀምሳ «የደቁ ይሻል ነበር» ሳትል አታልፍም።

ደሴት በውኃ የተከበበ መሬት ነው ብለን ነው የተማርነው። እኔ ያየሁት ደሴት ግን ሰው እየተመላለሰበት የሚኖር ነው። ብራናውን ያተረፈው ውኃው ነው፣ ጽዋውን የሚሞላው ግን ከዳንግላና ከሌላም ቦታ ዘቢብ ቋጥሮ የሚመጣው ሰው ነው። ሰው መሄድ ሲያቆም ምሽጉ ይቀራል፣ ወይኑ ይቋረጣል።

መምህር፣ የኛዋ ደሴት እንግዲህ ይቺ ናት። ከኋላ ሆነህ «ወይን የለን» ላልከው ወንድሜም መልሴ ይኸው ነው፤ ወይኑስ አለን፣ መንገዱን ነው የምንለምነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን አያቴን ይዤ እመለሳለሁ። ዘቢቡን በዚያን ጊዜ እኔ እቋጥራለሁ።